መንዙማና ተቀባዮቹ፦ በጋራ ድምፅ የተማረ ሕዝብ

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐባዎቻቸው ላይ ይሁን።

 

የዛሬው ርዕሳችን መንዙማ ነው። ከመካከላችሁ መንዙማን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሰማ ይኖራል። በካሴት ያወቀው ይኖራል። በእጅ ስልኩ ብቻ የሚያውቀው ወጣትም ብዙ ነው። ስለ መንዙማ ሲነሳ ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የገጠመው ሸኽ ስም፣ ወይም የሚያወጣው ሰው የድምፁ ማማር ነው። ዛሬ ግን ስለ ሌሎቹ ልናወራ ነው። ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ አውጪው አንድ ቤት ባለ ቁጥር በአንድ ድምፅ ስለሚመልሱት፣ ስማቸው በየትኛውም ኪታብ ስላልተጻፈው ሰዎች፣ ስለ ተቀባዮቹ።

ለዚህ ያነሳሳኝን ነገር ላጫውታችሁ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ መድረሳም አልገባችም። ነገር ግን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ ታውቅ ነበር። አባታቸው ሳይወለዱ እንደሞተ፣ ሐሊማ እንዳጠባቻቸው፣ እናታቸው አሚና በስድስት ዓመታቸው እንዳረፈች፣ ከዚያ አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ፣ ቀጥሎም አጎታቸው አቡ ጧሊብ እንዳሳደጓቸው በቅደም ተከተል ትናገራለች። እኔ መድረሳ ገብቼ ይህንኑ ከኪታብ ስማር፣ አንድም ስህተት ሳላገኝባት ገረመኝና «እምዬ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኳት። ቡናዋን እየቆላች ነበር። «ማን ያስተምረኛል ልጄ፤ ስቀበል ነው የያዝኩት» አለችኝ።

ያኔ መልሷን እንደ ቀልድ ወስጄው ነበር። ከዓመታት በኋላ ስለ መንዙማ ታሪክ ማንበብና ሽማግሌዎችን መጠየቅ ስጀምር ግን፣ የወሎ ሙስሊም ሕዝብ የመማሪያ ዘዴ በዚያች አጭር መልስ ውስጥ እንዳለ ገባኝ። በአማርኛችን «መቀበል» ሁለት ነገር ነው። አንዱ የተሰጠን ነገር በእጅ ወይም በልብ መያዝ ነው። ሌላው አውጪ ላወጣው ዜማ መመለስ ነው። በመንዙማ ክብ ውስጥ ሁለቱ አንድ ሆነው ይገኛሉ። የመለሰ ሁሉ ይይዛል።

መንዙማ ስንል

ቃሉ የመጣው ከአረብኛው «ነዘመ» ሲሆን ዶቃን በክር ሰክቶ መደርደር ማለት ነው። ከዚያም ቃላትን በልክና በቤት አሰናድቶ መግጠም የሚል ትርጉም ያዘ። ስለዚህ መንዙማ በመሠረቱ በሥርዓት የተደረደረ ግጥም ነው። በአገራችን ግን ቃሉ በዜማ የሚባለውን፣ ለአላህ ውዳሴ፣ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶለዋት፣ ለዱዓ፣ ለምክርና ለታሪክ የሚሆነውን የጋራ ዜማ መጠሪያ ሆኗል።

አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አውጪው በመጀመሪያ አዝማቹን ይሰጣል። ተቀባዮቹ አዝማቹን ይዘው ይደግሙታል። ከዚያ አውጪው አንድ ቤት ይላል፤ ስንኞቹ በአንድ ድምፅ ያልቃሉ፤ መጨረሻቸው ላይ ሕዝቡ አዝማቹን ይመልሳል። ድቤ በሚመታበት ቦታ ድቤው ምቱን ይጠብቃል፤ ድቤ በሌለበት እጅ ይጨበጨባል፤ ወይም በድምፅ ብቻ ይባላል። መንዙማው ብዙውን ጊዜ በአላህ ምስጋና ይከፈትና በሶለዋት አልፎ ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል። ሲያበቃም በዱዓና በሶለዋት ይታሰራል። ገጣሚው ስሙን በመጨረሻው ቤት ውስጥ አስገብቶ «እኔን ደካማውን አደራ» የሚልባቸውም አሉ።

በጋራ ድምፅ ማለት ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ ስናነሳ ወደ መዲና መመለስ ግድ ይለናል። በአምስተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ በ627፣ የመዲና ሙስሊሞች ከተማቸውን ከጠላት ለመከላከል ኸንደቁን ሲቆፍሩ ብርድና ረሃብ ነበረባቸው። በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው ሙሃጂሮችና አንሷሮች እየቆፈሩ ግጥም ይሉ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይመልሱላቸው ነበር። አፈሩን አብረው እየተሸከሙ፣ አቧራው ሰውነታቸውን ሸፍኖት፣ የሶሐባውን የዐብዱላህ ኢብን ረዋሓን (ረ.ዐ) ስንኞች ያሉ ነበር። የመጨረሻዋንም ቃል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያስረዝሟት እንደነበር አብሮ ተዘግቧል።

አድማጮቻችን፣ ይህን የምናነሳው የዛሬው መንዙማ ከዚያ ጋር አንድ ነው ለማለት አይደለም። ጊዜው፣ ቋንቋውና ሁኔታው የተለያየ ነው። ነገር ግን አማኞች በሥራና በጭንቅ ጊዜ አንድን ቃል በአንድ ድምፅ ሲሉ ልብ እንደሚበረታ፣ ቃሉም በልብ እንደሚተከል ያ ታሪክ ያሳየናል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት በሙስሊሙ ዓለም ብዙ የውዳሴ ድርሰቶች ተጽፈዋል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖሩት ኢማም አል-ቡሲሪ የጻፉት ቡርዳ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመዲናው ዓሊም ጃዕፈር አል-በርዘንጂ የጻፉት የመውሊድ ኪታብ በስፋት ከሚታወቁት ናቸው። ነጋዴው፣ ሐጃጁና ዒልም ፈላጊው ቀይ ባሕርን እየተሻገሩ ሲመላለሱ እነዚህን የመሰሉ ድርሰቶች ወደ አፍሪካ ቀንድም ደረሱ። ቋንቋቸው ግን አረብኛ ነበር። ያነበባቸው ያወቀ ነው፤ ያላወቀው በድምፃቸው ረክቶ ትርጉማቸው ያመልጠው ነበር።

የወሎ ሸኾች ምን አደረጉ?

ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወሎ ውስጥ ትላልቅ የዒልም ማዕከላት አብበዋል። ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቷት ጀማ ንጉሥ፣ በ1863 እ.ኤ.አ ያረፉት ሰይድ ቡሽራ ያስተማሩባት በቃሉ የምትገኘው ጌታ፣ በ1937 እ.ኤ.አ ያረፉት ሸኽ ጀውሃር ቢን ሐይደር የነበሩባት ሾንኬ፣ በየጁ በኩል ደግሞ ዳና ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። ደረሳው ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ መጥቶ ፊቅህ፣ ነህው፣ ተፍሲር ይቀራ ነበር። እነዚህ ቦታዎች የመውሊድ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ እናቱ ልጇን አዝላ የሚሰባሰቡባቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ሸኾቹ ያጋጠማቸውን ጥያቄ አስቡት። ደረሳው አረብኛ ይማራል። በሬ ጠምዶ የሚውለው፣ ከብት የሚጠብቀው፣ እንጨት ለቅማ እሳት የምታነደው ግን ኪታብ ፊት ለመቀመጥ ዕድሜውን የሚሰጥበት ጊዜ የለውም። ታዲያ ይህ ሕዝብ የአላህን አንድነት፣ የነቢዩን ሲራ፣ የሶላትን ግዴታ፣ የአኼራን ነገር በምን ይወቀው? መልሱ አማርኛ ሆነ። በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በሚነገርበት ቦታ ደግሞ በየቋንቋው ሆነ። ሸኾቹ የተማሩትን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ አምጥተው በግጥም አሰሩት። ሕዝቡ በሚችለው መንገድም ሰጡት፤ በመቀበል።

የጻፉበት ፊደል ዐጀሚ ይባላል። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ አረብኛ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከጻፉት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው የአርጎባው ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ናቸው። የተወለዱት በ1853 እ.ኤ.አ አካባቢ ሲሆን ያረፉት በ1936 እ.ኤ.አ ነው። የሕይወት ዘመናቸው የወሎ ሙስሊም ከባድ ፈተና ያየበት ዘመን ነበር።

በግንቦት 1870 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1878) አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው የተጠራው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የትምህርተ ሃይማኖት ክርክር ለመቋጨት ነበር። ነገር ግን ተከትሎ የመጣው አዋጅ የወሎን ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዘ። ከባላባቶቹ የተጠመቁ ነበሩ፤ ከሕዝቡ የተሰደደ ነበረ፤ በላይ እሺ ብሎ በውስጡ እምነቱን የያዘ ነበረ፤ የተቃወመም ነበረ። ሸኽ ጦልሃ ተቃውሞውን ከመሩት ዑለሞች አንዱ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም መተማ ላይ እስኪሞቱ ድረስ የነበሩት ዓመታት ለብዙ ዛውያዎችና ለብዙ ቤቶች የጭንቅ ዓመታት ነበሩ።

እስቲ በዚያ ዘመን የነበረን አንድ ቤተሰብ በዓይነ ሕሊናችን እንይ። ኪታብ ያለው ሸኽ ተሰዷል። መድረሳው ተዘግቷል። ቤት ውስጥ የቀረችው እናት ማንበብ አትችልም። ነገር ግን አዝማቹ አፏ ላይ ነው፤ ቤቶቹም በከፊል። ልጇን ስታባብል ትለዋለች፤ እህል ስትፈጭ ትለዋለች። ኪታብ ይወሰዳል፣ ይቀደዳል፣ ይጠፋል። የብዙ ሰው አፍ የያዘውን ቃል ለማጥፋት ግን ሰዉን ሁሉ ዝም ማሰኘት ይጠይቃል።

ክቡ እንዴት ያስተምራል?

አሁን ወደ ክቡ ውስጥ እንግባና በደንብ እንመልከት። ሰላሳ ቤት ያለው አንድ መንዙማ ተይዟል እንበል። አዝማቹ ቢያንስ ሰላሳ ጊዜ ይመለሳል። በአዝማቹ ውስጥ ያለው የዐቂዳ ቃል ወይም ሶለዋት በአንድ ሌሊት ሰላሳ ጊዜ ከእያንዳንዱ ሰው አፍ ይወጣል ማለት ነው። ይህ በየሐሙስ ማታው፣ በየሰኞ ማታው፣ በሠርጉና በመውሊዱ ሲደጋገም ሕፃን እንኳ ሳያስበው ይይዘዋል። ቤቶቹ የሚያዙት ቀስ እያሉ ነው፤ ዘንድሮ ሁለት፣ ለከርሞ አምስት። ከዓመታት በኋላ ተቀባይ የነበረው ልጅ አውጪ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ክቡ አውጪውን ይደግፈዋል። ሕዝቡ አዝማቹን ሲመልስ አውጪው ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ቀጣዩን ቤት ያስታውሳል። አንድ ሰው ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ሊያዜም አይችልም፤ ሕዝብ ከተቀበለው ግን እስከ ሱብሒ ይዘልቃል።

ሦስተኛ፣ ክቡ ያርማል። አንድ ቤት ቢዘለል ወይም የነቢያት ቅደም ተከተል ቢዛነፍ፣ ከተቀመጡት መካከል ለዓመታት የሰሙ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ወዲያው ይነቃሉ። ልክ ያልሆነውን ሕዝቡ አይቀበለውም። አያችሁ፣ ቃሉ እዚህም ላይ ሁለት ትርጉም አለው።

አራተኛ፣ ቋንቋው ከክቡ ውጭም ይሰማል። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ዘር ውስጥ ይኖራሉ። መንዙማው በአማርኛ በመሆኑ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ጆሮ ሲገባ ትርጉሙን ይዞ ነው የሚገባው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ለመተዋወቅና ለመከባበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከወሎ ውጭም

የጋራው ድምፅ የወሎ ብቻ ሀብት አይደለም። በሐረር ከተማ ሕዝቡ «ዚክሪ» የሚላቸው ዜማዎች አሉ። በመውሊድ ጊዜ የመውሊድ ኪታብ ይነበባል፤ በንባቡ መካከል ዚክሪው በከረቡ፣ ማለትም በከበሮው፣ እና «ከበል» በሚባሉት እርስ በርስ በሚጋጩ እንጨቶች ታጅቦ በኅብረት ይባላል። ሴቶችም የራሳቸው ስብስብ አላቸው። የሐረር የመውሊድ ኪታቦች ለትውልድ በእጅ እየተገለበጡ የቆዩ ናቸው። ጁገል እ.ኤ.አ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ያወቀው ግንቡንና ቤቶቹን ነው። በቤቶቹ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ግን ከግንቡ ያላነሰ ቅርስ ነው።

በባሌ ደግሞ ወደ ድሬ ሸኽ ሑሴን የሚጓዙ ሰዎች በኦሮምኛ «ባህሮ» የተባለውን የውዳሴ ግጥም እየተቀባበሉ ይላሉ። ቋንቋው ይለያል፤ ዜማው ይለያል። አንዱ አውጥቶ ብዙዎቹ የሚቀበሉበት ሥርዓት ግን ተመሳሳይ ነው።

መንዙማው ከዛውያና ከቤት ወጥቶ ወደ አደባባይ የመጣበት መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተደረገውን ታላቅ የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። በቀጣዩ ዓመት በ1967 ዓ.ም መውሊድ ከሁለቱ ዒዶች ጋር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚከበር በዓል ሆነ። ከዚያ በፊት በየመንደሩ ብቻ ይባል የነበረው በከተማም በግልጽ የሚሰማበት ቀን አገኘ።

ወረቀቱ ያለ ድምፁ አይነበብም

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገራችን እየተቃረብን ነው። «ሸኾቹ በዐጀሚ ጽፈውት የለም ወይ? ታዲያ ምን ይጠፋል?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የዐጀሚን ባሕርይ እንይ። የአረብኛ ፊደል እንደ ጨ፣ ኘና ጰ ላሉት ድምፆች የተለየ ምልክት የለውም፤ ጸሐፊዎቹ ነጥብ እየጨመሩ፣ ወይም የሚቀርበውን ፊደል እየወሰዱ ጽፈዋል። አንዱ ሸኽ የተጠቀመበትን ምልክት ሌላው ላይጠቀምበት ይችላል። የአማርኛ ሰባቱ አናባቢዎችም በአረብኛ ሐረካ ተለይተው አይወጡም። ስለዚህ ግጥሙን በድምፅ ሰምቶት የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ አንድን ቃል በሁለት በሦስት መንገድ ሊያነበው ይችላል። ሰምቶ ያደገ ግን ያለ ችግር ያነበዋል። ወረቀቱ ድምፁን ያስታውሳል፤ ድምፁ ወረቀቱን ይፈታል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይጎዳል።

ምሁራን ይህን ሀብት ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ ዜማዎች ሰብስቦ እ.ኤ.አ በ1926 አሳትሟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ስለ ወሎ መንዙማ የመመረቂያ ጥናት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ በ2009 ያረፉት የታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ የ19ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ በሰፊው አሳይተዋል። አረብኛና ዐጀሚ ጽሑፎችን በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ በሐረርም በሸሪፍ ሙዚየም ማግኘት ይቻላል። በሙዚየሙ የቆዩ የድምፅ ቅጂዎችም ተሰብስበዋል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አብዛኛው መንዙማ ያለው በተቋም መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በየቤታችን፣ በሽማግሌዎቻችን ደረት ውስጥ ነው።

ካሴቱ ምን ሰጠን? ምንስ ወሰደብን?

ከ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላ የሃይማኖት ኅትመትና ካሴት በብዛት መውጣት ሲጀምር መንዙማም በካሴት ገበያ ላይ ወጣ። ጥቅሙን መካድ አይገባም። አገሩን ለቆ ከተማ የገባ፣ ጅዳም ሆነ ዋሽንግተን የሚኖር ሰው የእናቱን አገር ድምፅ አገኘ። መንዙማ ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ወጣት አወቀው። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው በደቂቃ ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ያጣነውም አለ። ሌሊቱን ሙሉ የሚባለው ረጅም መንዙማ ለካሴቱ ልክ ሲባል አጠረ። ብዙ ቤቶቹ ወደቁ። የገጠመው ሸኽ ስም በሽፋኑ ላይ ሳይጻፍ እየቀረ፣ የአንዱ ድርሰት በሌላው ስም ሲጠራ እንሰማለን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተቀባዩ ጠፋ። በስቱዲዮ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ በመሣሪያ ተባዝቶ «ሕዝብ» ይሆናል። እኛም ማዳመጫውን ጆሯችን ላይ ሰክተን ለየብቻችን እንሰማለን። እንሰማለን እንጂ አንመልስም። ያልመለሰ ደግሞ አይዝም። ልጆቻችን ብዙ መንዙማ ሰምተው አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው ማለት የማይችሉት ለዚህ ነው።

እኔም ከዚህ ተወቃሽነት አላመልጥም። አያቴ ካረፈች በኋላ ቡና ስትቆላ የምትለው አንድ መንዙማ ትዝ አለኝ። አዝማቹን አውቀዋለሁ፤ ሕፃን ሆኜ አብሬያት ተቀብዬዋለሁ። ቤቶቹን ግን አላውቃቸውም። እሷ በሕይወት ሳለች መዝጋቢ መሣሪያ ነበረኝ፤ ጊዜም ነበረኝ፤ ያልነበረኝ ልብ ነው። መንደሯ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። አንዲት እኩያዋ ሁለት ቤት አስታወሱልኝና «ቀሪውን እሷ ነበረች የምታወጣው» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አዝማች ይዤ ቤት ያጣሁ ተቀባይ ሆኜ ቀርቻለሁ።

ምን እናድርግ?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ስለ ድቤው፣ በስብሰባው ላይ ስለሚደረጉ አንዳንድ ልማዶች፣ በአንዳንድ ግጥሞች ውስጥ ስላሉ አገላለጾች ዑለሞቻችን የተለያየ አቋም አላቸው። ይህ ንግግር በዚያ ላይ ብይን ለመስጠት የቀረበ አይደለም፤ ያ የባለ ዒልሞቹ ድርሻ ነው። ነገር ግን የሚወደውም የሚነቅፈውም እኩል የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ትክክለኛው ቃል ነው። ያልተጻፈን፣ ያልተመዘገበን ግጥም ማን መርምሮ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ይታረም» ሊል ይችላል? አባቶቻችን ዲናቸውን እንዴት እንደያዙ ሳናውቅስ እንዴት እንፈርዳቸዋለን?

የሐዲስ ሊቃውንት ያስተማሩን ትልቅ ሥርዓት አለ፤ ሰነድ ይባላል። ማን ከማን ሰማ? ማንስ ለማን አስተላለፈ? የመንዙማ ደረጃ ከሐዲስ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሥርዓቱን ግን ልንማርበት እንችላለን። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ መንዙማ የሚያውቁ ታላቅ ካሉ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቁና እነዚህን አምስት ነገሮች መዝግቡ። መጀመሪያ፣ መንዙማውን ከማን ሰሙት? ሁለተኛ፣ የገጠመው ማን ነው ይላሉ? በመጨረሻው ቤትስ ስም አለ ወይ? ሦስተኛ፣ የትና መቼ ይባል ነበር? ለመውሊድ ነው? ለሠርግ? ለዝናብ ዱዓ? አራተኛ፣ አዝማቹ የቱ ነው? ሕዝቡ የሚገባውስ ምን ላይ ነው? አምስተኛ፣ እርሳቸው ሲያወጡ እናንተ ተቀበሉ። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉት። ብዙ ሽማግሌዎች ብቻቸውን በሉ ሲባሉ ይጠፋባቸዋል፤ የሚቀበላቸው ሲያገኙ ግን የረሱት ቤት ሁሉ ይመጣላቸዋል።

አሮጌ የዐጀሚ ደብተር በሳጥናችሁ ያላችሁም፣ አትሽጡት፤ አትጣሉት። ከእርጥበትና ከምስጥ ጠብቁት፤ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፤ ማንበብ የሚችል ሽማግሌ ፈልጋችሁ ጮክ ብለው ሲያነቡት ቅዱ። ወረቀቱና ድምፁ ያን ጊዜ ይገናኛሉ።

መድረሳ የምታስተምሩ ኡስታዞችም፣ ልጆቹን በሳምንት አንድ ቀን ክብ አስቀምጣችሁ አንድ ያጣራችሁትን መንዙማ ከነትርጉሙ፣ ከነገጣሚው ስም አስተምሯቸው። አንዱ ያውጣ፣ ሌሎቹ ይቀበሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ያውጣ። ሲራውን ከኪታብ ሲማሩት ያን ጊዜ እንግዳ አይሆንባቸውም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ስለ መንዙማ ታሪክ ስንናገር የሸኾቹን ስም በክብር እናነሳለን፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን እነዚያ ግጥሞች እኛ ዘንድ የደረሱት ስማቸው ያልተጻፈ እናቶች፣ እረኞችና ገበሬዎች በየሌሊቱ ስለተቀበሏቸው ነው። አላህ (ሱ.ወ) የሁሉንም ሥራ ይቀበላቸው፤ በጀነት ይሰብስባቸው። እኛንም የወረስነውን አጣርተን ለልጆቻችን የምናደርስ ያድርገን። አሚን።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ታላቃችሁን «እስቲ አንድ አውጡልን» በሏቸው። ቴሌቪዥኑን አጥፉና ተቀበሉ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።